ከመቼት ወደ ሥፍራ፦ የወንጀል ድራማ የቀረጻ ቦታዎችን ለይቶ የማወቅ ዘዴና ገደቡ

«ብሬኪንግ ባድ» በተሰኘው አሜሪካዊ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ዋናው ገጸባሕርይ ዋልተር ዋይት በሰባት በርሜል የታጨቀ ገንዘብ በረሃ ውስጥ ይቀብራል። የቀበረበትን ነጥብ የአቅጣጫ መሣሪያው በኬክሮስና በኬንትሮስ ያሳየዋል፤ እርሱም ቁጥሮቹን በቃሉ ይይዛል። ቤቱ ሲመለስ ያንኑ ቁጥር የያዘ የሎተሪ ቲኬት በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎ ይታያል። ቁጥሮቹ 34 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሰሜን እና 106 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ምዕራብ ናቸው። ክፍሉ በ2013 ከተላለፈ በኋላ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቁጥሮቹን ካርታ ላይ የፈለጉ ተመልካቾች የደረሱት ገንዘቡ ተቀበረ ከተባለበት በረሃ አይደለም። የደረሱት ድራማው በተሠራበት በአልበከርኪ ከተማ ደቡባዊ ዳርቻ ከሚገኘው የፊልም ስቱዲዮ ግቢ ነው። የበረሃው ትዕይንት የተቀረጸው ከስቱዲዮው በስተ ምዕራብ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው የቶሃጂሊ መሬት ላይ ነው።

በዚህ ኬክሮስ አንድ ሰከንድ ከሰሜን ወደ ደቡብ 31 ሜትር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደግሞ 25 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ ድራማው የሰጠው ቁጥር አንድን ሕንፃ ከጎረቤቱ ለመለየት የሚበቃ ጥራት አለው፤ ሆኖም ስለ ታሪኩ ቦታ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። የቁጥር ጥራት ለብቻው የእውነት ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ጸሐፊዎቹ ቀልድ ብለው ያስገቡት ይህ ቁጥር ለጥናት ሁለት ጥያቄዎች ያስነሣል። አንደኛው፣ በስክሪን የታየ ቦታ በመሬት ላይ የትኛው እንደሆነ በምን ማስረጃ ይረጋገጣል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከተረጋገጠ በኋላስ ምን ያህሉ ሊታተም ይገባል? የሚል ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ «መቼት» በሚለው ቃል የታሪኩን ጊዜና ቦታ አንድ ላይ መጥራት ለምዷል። ለፊልም ጥናት ግን ቃሉ ብቻውን አይበቃም። ታሪኩ ተፈጸመበት የሚባለው ቦታ፣ ካሜራው የቆመበት ቦታና የቤቱ ውስጥ ትዕይንት የተሠራበት ቦታ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ተመልካች ሦስቱን እንደ አንድ እንዲያያቸው የሚያደርገው የአርትዖት ሥራ ነው። የቀረጻ ቦታ አጣሪ ሥራ አርትዖቱ የሰፋውን መልሶ መተርተር ነው።

የወንጀል ድራማ ከሌሎች ዘውጎች ይልቅ ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ የሚጋብዝበት ምክንያት አለው። የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ስታይን ራይንደርስ በ2009 ባሳተመው ጥናት «ኢንስፔክተር ሞርስ» ለተቀረጸበት ለኦክስፎርድ፣ «ባንቸር» ለተቀረጸበት ለአምስተርዳምና «ዋላንደር» ለተቀረጸበት ለስዊድኑ ኢስታድ የሚመጡ ጎብኚዎችን ተመልክቷል። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ፒዬር ኖራ «የትዝታ ሥፍራዎች» ሲል ከሰየመው ጽንሰ ሐሳብ በመነሣትም «የምናብ ሥፍራዎች» የሚል ስያሜ አቅርቧል። የመርማሪ ታሪክ ከዱካ ወደ ቦታ፣ ከቦታ ወደ ድርጊት የሚሄድ ትረካ ነው። ቦታውን ፈልጎ የሚመጣ ተመልካችም ባየው መርማሪ እግር ተተክቶ ያንኑ ምርመራ ይደግማል። ይህ ለፍለጋው ማራኪነት ጥሩ ማብራሪያ ነው፤ ፍለጋው እንዴት በትክክል እንደሚካሄድ ግን አይነግረንም።

ተራራው የሚሰጠው ምስክርነት

«ብሬኪንግ ባድ» ከ2008 እስከ 2013 በአምስት ምዕራፎችና በ62 ክፍሎች የቀረበ፣ ካንሰር የያዘው የኬሚስትሪ መምህር ሜታምፌታሚን የተባለውን አደገኛ ዕፅ ወደ ማምረት ሲገባ የሚያሳይ ድራማ ነው። ፈጣሪው ቪንስ ጊሊጋን ታሪኩን በመጀመሪያ ያሰበው በካሊፎርኒያዋ ሪቨርሳይድ ከተማ ነበር። ቀረጻው ወደ ኒው ሜክሲኮ ግዛት የተዛወረው ግዛቲቱ ለፊልም ሥራ ወጪ በምትሰጠው የ25 በመቶ ተመላሽ ምክንያት ነው። በኒው ሜክሲኮ እየቀረጹ ቦታውን ካሊፎርኒያ ማስመሰል ይቻል ነበር። ጊሊጋን በኋላ እንዳስረዳው ግን ካሜራው ወደ ምሥራቅ በዞረ ቁጥር የሳንዲያ ተራሮችን መሸሽ ግድ ይሆን ነበር። ስለዚህ የታሪኩ መቼት ራሱ ወደ አልበከርኪ ተዛወረ። አንድ ተራራ ድራማውን ከካሊፎርኒያ ነቅሎ ኒው ሜክሲኮ ላይ ተከለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይኸው ተራራ ለአጣሪውም የመጀመሪያው ምስክር ነው። ሳንዲያ (ቃሉ በስፓኝኛ ሐብሐብ ማለት ነው) ከባሕር ወለል በላይ 3,255 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ እንደ ግድግዳ የተዘረጋ ሸንተረር ነው። ጫፉ ላይ የተተከሉት የሬዲዮና የቴሌቪዥን አንቴናዎች ከሩቅ ይለያሉ። በምዕራብ በኩል ያለው አድማስ ደግሞ ለጥ ያለ ሜዳ ሆኖ በላዩ ላይ ትናንሽ የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ጉብ ጉብ ብለው ይታያሉ። በመሃል የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ ከአንድ ሕንፃ ጀርባ ያለው አድማስ ብቻ ካሜራው ወዴት ዞሮ እንደነበር ይናገራል።

እዚህ ላይ ጀማሪ አጣሪዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ተራራው በምስሉ ውስጥ ግዙፍ ሆኖ ከታየ ቦታው ለተራራው ቅርብ ነው ብለው ይደመድማሉ። የረጅም ርቀት ሌንስ የኋላውን ነገር ወደ ፊት ስቦ ያገዝፋል፤ የተራራው መጠን የሚናገረው ስለ ሌንሱ እንጂ ስለ ርቀቱ አይደለም። የማይለወጠው የነገሮች መስመር መያዝ ነው። የአንድ ጣሪያ ጠርዝ ከሸንተረሩ ላይ ካለ ታዋቂ ጫፍ ጋር በቀጥታ ተጋጥሞ ከታየ፣ ካሜራው ሁለቱን በሚያገናኘው መስመር ላይ ቆሟል ማለት ነው። ሌንሱ ቢቀየር ይህ አይቀየርም፤ የሚቀየረው ካሜራው ራሱ ከቦታው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ከዚያው ትዕይንት በሌላ አቅጣጫ ሁለተኛ እንዲህ ያለ መስመር ከተገኘ፣ መስመሮቹ ካርታ ላይ የሚቋረጡበት ነጥብ ካሜራው የቆመበት ነው። ቀያሾች ከሦስት ምልክቶች ተነሥተው የራሳቸውን ቦታ የሚያገኙበት ዘዴ በመሠረቱ ከዚህ አይለይም።

የከተማዋ የአድራሻ ሥርዓትም ፍለጋውን ያጠብባል። አልበከርኪ በሁለት መስመሮች በአራት ሩብ ትከፈላለች። ሰሜንና ደቡብን የሚለየው ሴንትራል ጎዳና ሲሆን ምሥራቅና ምዕራብን የሚለየው የባቡር ሐዲዱ ነው፤ በእያንዳንዱ የመንገድ ስም መጨረሻም ሩቡ ይጻፋል። በምስል ጥግ በከፊል የታየ የመንገድ ምልክት ሙሉ ስሙ ባይነበብ እንኳ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ከተነበቡ የከተማዋ ሦስት አራተኛ ከፍለጋው ይወጣል።

በአንጻሩ ገጸባሕርያቱ የሚናገሩት አድራሻ ሊታመን አይችልም። ዋልተር ዋይት በመጀመሪያው ክፍል ወደ ካሜራ እያየ አድራሻውን ከነፖስታ መለያ ቁጥሩ ይናገራል። የጠቀሰው መለያ ቁጥር በወንዙ አጠገብ ያለውን አሮጌውን የከተማ ክፍል የሚመለከት ነው። ለቤቱ የተቀረጸው መኖሪያ ግን ከዚያ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሰሜን ምሥራቁ ሩብ፣ መሬቱ ወደ ተራራው ከፍ እያለ በሚሄድበት ሠፈር ውስጥ ይገኛል። ቃልና ምስል ሲጋጩ አጣሪው ምስሉን ይይዛል።

ጥላ፣ ሰዓትና ወቅት

ሁለተኛው የማስረጃ ምንጭ ጥላ ነው። አልበከርኪ በ35 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት፤ የቀትር ጥላም ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ርዝመቱ ግን በወቅት ይለያያል። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ በሰኔው ረጅም ቀን የሚጥለው የቀትር ጥላ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በታኅሣሡ አጭር ቀን ከሦስት ሜትር ይበልጣል። የመንገዱ አቅጣጫ ከታወቀ ጥላው ሰዓቱን ይናገራል፤ ሰዓቱና ወቅቱ ከታወቁ ደግሞ የመንገዱን አቅጣጫ ይናገራል። ሁለቱንም ከአንድ ጥላ ለማውጣት መሞከር ግን በክብ መሽከርከር ነው፤ አንዱ ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት።

ይህን ስሌት ወደ ሌላ አገር የሚወስድ ተመራማሪ መጠንቀቅ ይኖርበታል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስላለች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይዞራል። ለሰሜኑ ክፍለ ዓለም የተጻፈ የአጣሪዎች መመሪያ ሳይመረመር አዲስ አበባ ላይ ለተቀረጸ ድራማ ቢሠራበት በዓመቱ ውስጥ ከአራት ወራት በላይ ሰሜንን ደቡብ ያደርጋል።

ቀለም ደግሞ ከማስረጃነት መውጣት ያለበት ነገር ነው። «ብሬኪንግ ባድ» ሜክሲኮ ውስጥ ይፈጸማሉ የተባሉ ትዕይንቶችን በቢጫ ቀለም ነክሮ ያቀርባል፤ አብዛኞቹ የተቀረጹት ግን እዚያው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ቢጫው የሚናገረው ስለ አዘጋጆቹ ውሳኔ ብቻ ነው።

የተለወጠ ስምና የሌለ ክፍል

አንዳንድ ቦታዎች በድራማው ውስጥ በእውነተኛ ስማቸው ገብተዋል። በሴንትራል ጎዳና ላይ ያለው «ዶግ ሃውስ» የተባለ የሆት ዶግ መሸጫ ጅራቷን ከምትቆላ ውሻ የኒዮን ማስታወቂያው ጋር በራሱ ማንነት ይታያል። እንዲህ ያለውን ለማጣራት ብዙ ድካም አያስፈልግም። «ሎስ ፖዮስ ኤርማኖስ» የተባለው የዕፅ ነጋዴው ጋስ ፍሪንግ የተጠበሰ ዶሮ ቤት ግን በእውነቱ «ትዊስተርስ» የሚባል በደቡብ ምዕራቡ ሩብ የሚገኝ ምግብ ቤት ነው። ዋልተር የሚሠራበትና በኋላ የሚገዛው መኪና ማጠቢያም በቀረጻው ወቅት በሌላ ስም ይሠራ የነበረ እውነተኛ ማጠቢያ ነው። ስም ሲለወጥ የሚቀረው ማስረጃ የሕንፃው አካል ነው፤ የመስኮቶች ብዛትና ክፍተት፣ የጣሪያው ስብራት፣ የመኪና ማቆሚያው መግቢያ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች አሰላለፍ። ማስታወቂያ በአንድ ሌሊት ይቀየራል፤ ምሰሶ ግን ቶሎ አይነቀልም።

በጣም አሳሳቹ የውስጥ ትዕይንት ነው። ዋልተር በልብስ ማጠቢያ ድርጅት ሥር ወደ ተሠራው ግዙፍ ቤተ ሙከራ ሲወርድ ተመልካች ከላይ እስከ ታች አንድ ሕንፃ ያየ ይመስለዋል። የልብስ ማጠቢያው በከተማዋ ያለ እውነተኛ ድርጅት ነው፤ ቤተ ሙከራው ግን በስቱዲዮ ውስጥ የተገጣጠመ ነበር። በደረጃው አናትና በደረጃው ሥር መካከል የከተማ ርቀት አለ። የዋልተር ቤት የውስጥ ክፍሎችም እንዲሁ በአብዛኛው በስቱዲዮ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በእውነተኛው ቤት በር ላይ የቆመ ጎብኚ ከበሩ ወዲያ በድራማው ያየው ክፍል አለ ብሎ ቢያስብ ተሳስቷል። ይህ ጉዳይ የዘዴ ብቻ እንዳልሆነ ከታች ይታያል።

«ቤተር ኮል ሶል» የተባለው ተቀጥላ ድራማ ከ2015 እስከ 2022 በዚያችው ከተማ ሲሠራ ለአጣሪዎች ሌላ ችግር ፈጠረ። ታሪኩ በአብዛኛው ከ«ብሬኪንግ ባድ» በፊት የሚካሄድ ሲሆን ቀረጻው ግን ከእርሱ በኋላ ነው። ምግብ ቤቱ እንደገና የዶሮ ቤቱን ልብስ ለብሶ፣ በታሪኩ ውስጥ ወጣት በመሬት ላይ ግን ያረጀ ሆኖ ታየ። ከሁለቱ ድራማዎች የተወሰዱ ምስሎችን የሚያነጻጽር ሰው በታሪኩ ጊዜና በቀረጻው ጊዜ መካከል ያለውን ልዩነት ካልመዘገበ አዲሱን አስፋልት አሮጌ፣ አሮጌውን ዛፍ ችግኝ ሊያደርግ ይችላል። ከ2014 ጀምሮ ጉግል በስትሪት ቪው ያለፉ ዓመታት የመንገድ ምስሎችን ማሳየት መጀመሩ ለዚህ ዓይነቱ ማነጻጸር ብዙ አግዟል።

ከእነዚህ ምንጮች የትኛውም ለብቻው አይበቃም። አንድ ቦታ ተረጋገጠ ለማለት ቢያንስ አንዱ ከሌላው ያልተቀዳ ሁለት ማስረጃ፣ ለምሳሌ የአድማስ መስመርና የሕንፃ አካል፣ መስማማት ይኖርባቸዋል። በርካታ የቱሪስት ካርታዎች እርስ በርስ ስለተስማሙ ብቻ ማስረጃ አይሆኑም፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ነውና። የሚቃረን ነገር ሲገኝም አብሮ መመዝገብ አለበት። አጣሪዎች የሚጋጥመውን መስኮት በቀስት እያመለከቱ የማይጋጥመውን ደረጃ በዝምታ ሲያልፉት ይታያል።

ጣሪያው ላይ የወደቀው ፒዛ

በ2010 በተላለፈ የሦስተኛው ምዕራፍ ክፍል ዋልተር ሚስቱ በር ስትዘጋበት የያዘውን ትልቅ ፒዛ በንዴት ወደ ላይ ይወረውራል፤ ፒዛውም ጣሪያው ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ተዋናዩ ብራያን ክራንስተን ይህን በመጀመሪያው ሙከራ ነው ያሳካው። የቤቱ መገኛ በሰፊው ከታወቀ በኋላ ጎብኚዎች ትዕይንቱን ለመድገም እውነተኛ ፒዛ እውነተኛው ጣሪያ ላይ መወርወር ጀመሩ። በ2015 ጊሊጋን ራሱ በአንድ የድምፅ ፕሮግራም ላይ ሰዎች ይህን እንዲተዉ ጠየቀ፤ ድርጊቱ አስቂኝም አዲስም አለመሆኑን፣ በቤቱ ሰው እንደሚኖርበትም አሳሰበ። በ2017 የቤቱ ባለቤቶች ግቢያቸውን በብረት አጥር አጠሩ።

ቤተሰቡ በዚያ ቤት ይኖር የነበረው ድራማው ከመታሰቡ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ ነው። ለቀረጻው የፈቀደው የቤቱን ገጽታ እንጂ ጎብኚን አይደለም። ከላይ እንደተጠቀሰው ከበሩ ወዲያ ያለው ክፍል ድራማው ያሳየው ክፍል እንኳ አይደለም፤ ጎብኚው የዋልተርን ቤት ፈልጎ ያንኳኳው የሌላ ሰው ቤት ነው። የአጣሪው ሥራ በትክክል ተሠርቷል፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ትክክለኛነት ነው። የተሳሳተ አድራሻ ቢታተም ኖሮ፣ በስቱዲዮው ቁጥር እንደሆነው፣ ማንም ባልተቸገረ ነበር።

በረሃውም ባለቤት አልባ አይደለም። ቶሃጂሊ የናቫሆ ሕዝብ መሬት ነው፤ የራሱ አስተዳደር አለው፤ በዚያ ለመቅረጽ የራሱ ፈቃድ ይጠየቃል። በድራማው ውስጥ ማንም የማይኖርበት የሽፍታ ምድር ሆኖ መታየቱ ጎብኚው በእውነቱም ማንም እንደሌለበት አድርጎ እንዲገባበት ያደፋፍራል። ስቱዲዮን የሚያመለክት ቁጥር መስጠታቸው በቀልድ መልክ የመጣ ቢሆንም ከብዙ የቱሪስት ካርታ የተሻለ ጥንቃቄ ሆኖ ተገኝቷል።

ለተመራማሪው የሚሰጠው መፍትሔ የማጣራቱን ጥራትና የማሳተሙን ጥራት ለይቶ መያዝ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ በዲግሪ ዐሥርዮሽ ሲጻፉ አራት አኃዝ ከነጥብ በኋላ ከ11 ሜትር ያላነሰ ስሕተት አያሳልፍም፤ ሁለት አኃዝ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክልል ይሰጣል። የምግብ ቤት፣ የሕዝብ አደባባይ ወይም የስቱዲዮ ቦታ በአራት አኃዝ ቢታተም የሚጎዳ የለም፤ ለነዚህ ቦታዎች ጎብኚ ገበያ ነው። ትዊስተርስም የዶሮ ቤቱን ሥዕል ከግድግዳው ላይ ሳያነሣ አቆይቶታል። ሰው የሚኖርበት ቤት ግን በሁለት አኃዝ፣ ወይም በሩቡ ስም ብቻ ሊጠቀስ ይችላል። ሙሉው ማስረጃ በተቋሙ ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ማረጋገጥ ለሚፈልግ ተመራማሪ በጥያቄ ይሰጣል። ውጤቱ በሌሎች እንዲፈተሽ የሚጠይቀው የሳይንስ ደንብ በዚህ አይጣስም፤ የሚቀርበት ፒዛ ወርዋሪው ብቻ ነው። ቦታው አስቀድሞ በሌሎች ታውቋል የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ይሁን እንጂ በዩኒቨርሲቲ ኅትመት ላይ የወጣ አድራሻ ከተመልካች ወሬ የበለጠ ክብደትና ዕድሜ እንዳለው መካድ አይቻልም።

አጥሩ ራሱ አሁን የማስረጃው አካል ሆኗል። ዛሬ ቤቱን የሚያይ ሰው በድራማው ያየውን ክፍት ግቢ አያገኝም፤ ከ2017 በፊት የተነሡ የመንገድ ምስሎች ብቻ ናቸው ከድራማው ምስል ጋር የሚጋጥሙት። በሐምሌ 2022 የዋልተር ዋይትና የጓደኛው የጄሲ ፒንክማን የነሐስ ሐውልቶች በአልበከርኪ የስብሰባ ማዕከል ቆሙ። የዕፅ አምራቾች ሐውልት ሊቆምላቸው ይገባል ወይ? የሚል ክርክር ቢነሣም ጎብኚው ቢያንስ የማንም ቤት ያልሆነ መቆሚያ አገኘ። ቤቱ ደግሞ በ2025 መጀመሪያ ላይ ከነአጥሩ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ለሽያጭ ቀረበ።